ልጁ ለማን ይጮኽ ነበር?

ወጣቶች ሆይ፤ የፊልም ዳይሬክተሩን የኃይሌ ገሪማን የሕይወት ታሪክ ሳነብ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ በልጅነቱ ጎንደር ሲኒማ ቤት ገብቶ ያደርገው የነበረው ነገር ነው። ታርዛን የሚባለው ነጭ በጫካ ሲሄድ፣ አፍሪካውያን ከኋላው አድብተው ሲመጡበት፣ ኃይሌና ጓደኞቹ ታርዛን እንዲጠነቀቅ ይጮኹለት ነበር። ከሲኒማ ወጥተው በተራራው ላይ ሲጫወቱም ሁሉም መሆን የሚሻው ካውቦዩን እንጂ ቀይ ሕንዱን አልነበረም። ይህን ራሱ ኃይሌ ካደገ በኋላ ሳያፍር ተናግሮታል።

እኔም የራሴን ደብተር አሰብሁ። በተማሪነቴ ደሴ ተቀምጬ የሞነጫጨርኋቸው ልብ ወለዶች ባለታሪካቸው ሁሉ ባርኔጣውን ደፍቶ በኒውዮርክ ጎዳና የሚሮጥ መርማሪ ነበር። ጸሐፊው ግን ሐረጎን ወርዶ ከኮምቦልቻ ወዲያ ያለፈው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው!

ኃይሌ የተወለደው በየካቲት ወር 1938 ዓ.ም. ጎንደር ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን የአርበኞች ታሪክ የጻፉ፣ ቴአትርም እየደረሱ በየአገሩ ተዘዋውረው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። አያቱም ማታ ማታ በእሳት ዳር ተረት ይነግሩት ነበር። እንግዲህ ሀብቱ በቤቱ ነበረ፤ ዓይኑ ግን በሲኒማው መጋረጃ ላይ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ ቴአትር፣ ከ1970 ጀምሮም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተማረ። የቤቱ ሀብት ዋጋ የገባው በዚያ፣ ስለ ራሳቸው ሕይወት ፊልም ከሚሠሩ ጥቁር ተማሪዎች ጋር ሲውል ይመስለኛል።

እዚህ ላይ የእኛ የወሎ ነገር ይመጣል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በአገራችን አውራ ጎዳና ዳር የተራበ ገበሬ ከነልጆቹ ተኮልኩሎ አላፊ አግዳሚውን ይማጠን ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ይህን ፊልም አንሥቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። በፊልሙም ምክንያት ርዳታ መጥቷል፤ ይህ አይካድም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የወሎን ገበሬ ታሪክ ለዓለም የተረከው ግን እንግዳ ሰው ነበር።

በዚያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974፣ አገሩ በለውጥ ሲናወጥ፣ ኃይሌ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል አነሣ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹም ሙያተኞች ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው፤ የሚናገሩትም በአማርኛ ነው። አንድ ቤተሰብ ለባለርስት ሲያርስ ይውላል፤ ልጅቱ የጌታውን ላም ለማዳን ስትል በጎርፍ ትወሰዳለች። እውነቱን ለመናገር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ስለ ሆነ ለቸኳይ ሰው ይዘገይበታል። ነገር ግን የአያት ወግስ መቼ ይቸኩላል?

ከዚያ በኋላም መንገዱ አልቀናለትም። በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አከፋፋዮች አንቀበልም ሲሉት አዳራሽ ራሱ እየተከራየ አሳየ። «ጤዛ» ግን በ2008 በቬኒስ ሁለት ሽልማት አገኘ።

ይህን አንብቤ እንደ ጨረስሁ ኮምቦልቻ ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሄድሁ። በክፉው ዘመን ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር መንገድ ዳር የተቀመጡ ናቸው። «አባባ፣ የዚያን ጊዜውን ያጫውቱኝ» አልኋቸው። ስለ ረኃቡ ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ቡናቸውን ፉት አሉና፣ «አባቴ ገበያ አውጥቶ የሸጠው በሬ ስሙ ቦራ ይባል ነበር፤ ግንባሩ ነጭ ነው» አሉኝ። እርሳሴን ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።