የተዘለለች ስም



አጎቴን ቤተሰቡ በሙሉ ጋሼ ይለዋል። ዕድሜውን በሒሳብ ሠራተኝነት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ገቢና ወጪ ሲያስታርቅ ኖሮ ጡረታ ወጣና፣ እኩዮቹ ወደ ዕድሩና ወደ ሰበካው ጉዳይ ሲያዘነብሉ እሱ ከእነሱም ሳይለይ ሁለት የራሱን ሥራ ጨመረ፤ አንዱ ማሲንቆ መምታት፣ ሌላው ዘር መቁጠር። ሁለቱንም የሚይዛቸው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጉለሌ ባለው ቤቱ፣ ልጅ የልጅ ልጁ ተሰብስቦ አክስቴ ቡና ስትቆላ ነው። መጀመሪያ ማሲንቆውን ከምስማሩ ያወርድና በረንዳው ላይ ፀሐይ ያስመታዋል፤ በክረምት የፍየል ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ድምፁ ይሞታልና፤ ከዚያም በጥፍሩ ጠብ ጠብ አድርጎ ያዳምጠዋል፣ ገና ነው ይልና ወደ ፀሐዩ ይመልሰዋል፣ ቆይቶም ደግሞ ያዳምጠዋል። ቆዳው ሲወጠር ዕጣን ይቀርባል። ጭራው ዕጣን ካልተቀባ ደጋኑ ቢመላለስበትም ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ዕጣኑን ዛሬ የሚቀባው ማን ነው በሚለው ነገር በልጆቹ መካከል በየሳምንቱ ክርክር አለ፤ ጋሼም እንደ ዳኛ ተራ ይሰጣል፤ ተራውን የሚጽፍበት ደብተርም አለው።

የማሲንቆ አውታር አንድ ብቻ መሆኑን ታውቃላችሁ። ክራር አምስት ወይም ስድስት አለው፣ በገና ዐሥር፤ ማሲንቆ ግን ትዝታውንም ባቲውንም አምባሰሉንም አንቺ ሆዬውንም በዚያችው በአንድ ጭራ ይወጣዋል። ጣት አውታሩን እስከ እንጨቱ አይጫነውም፣ በጎኑ ነካ ያደርገዋል እንጂ፤ ምልክት የተደረገበት ቦታም የለም፤ የሚመራህ ጆሮህ ብቻ ነው። ጋሼ ይህን የተማረው ሽበት ከወረረው በኋላ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የጀመረው አባቱ፣ ማለትም አያቴ፣ ካረፉ በኋላ ነው። አያቴ ደግ ሰው ነበሩ፣ እንግዳ የሚወዱ፤ ነገር ግን ሰርግ ቤት አዝማሪ ሲገባ ጋቢያቸውን አጣፍተው ይወጡ ነበር፤ ማንንም ሳይቆጡ፣ ምንም ሳይናገሩ፤ አዝማሪው ጨርሶ እስኪሄድ በረቱ አጠገብ ይቆሙና ከዚያ ተመልሰው ቦታቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ልጆቹ መንፈሳዊነታቸው ነው እንል ነበር፤ እውነትም ጸሎተኛ ነበሩ።

ወደ ዘር ቆጠራው ልምጣ። ሰባት ቤት መቁጠር ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል፤ ሰባት ቤት ሳይርቅ ጋብቻ የለምና። በአያቶቻችን አገር በጎጃም ግን ቆጠራ ከጋብቻም ያለፈ ነገር ነበር፤ መሬት ነበር። ርስት የሚገኘው አገሩን ካቀናው አባት መወለድን በማስረዳት ነው፤ በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደች እያለ እስከ ራሱ ሲወርድ፣ አንድ ስም ቢሳሳት የሚያጣው የሚያርሰውን መሬት ነው። በዚህ የተነሣ ደህና አድርጎ የሚቆጥር ሽማግሌ በየአገሩ የተከበረ ነበር። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነበት አዋጅ ወጣ፤ ርስት ቀረ፣ ሙግቱም ቀረ፣ ሽማግሎቹም የሚጠይቃቸው ሳያገኙ የያዙትን እንደያዙ አንድ በአንድ አለፉ። አዋጁን አልነቅፍም፤ በየአገሩ ስንቱን ጭሰኛ ቀና ያደረገ ነው። ብቻ ያኔ ልጆች የነበርን ሁሉ ከሽማግሎቹ እግር ሥር ቁጭ ብለን ብንጽፍ ኖሮ እላለሁ።

ጋሼ ዘግይቶም ቢሆን ቁጭ አለ። ከመርካቶ ወፍራም ልባስ ያለው የሒሳብ መዝገብ ገዛና ገቢ የሚለውን ዓምድ ሰርዞ አባት፣ ወጪ የሚለውን ሰርዞ እናት ብሎ ጻፈበት፤ አክስቴም አየችና “እናት ወጪ ናት እንዴ?” ብላ ተቆጣችው፤ እሱም አላቅማማም፣ ዓምዶቹን አቀያየራቸው። ዛሬም በቤታችን መዝገብ እናት በገቢው በኩል ናት።

አያቶቻችን የሰው ዕድሜ በዓመተ ምሕረት አይነግሩንም፤ ክፉ ቀን ሲገባ ተወለደ፣ ለዐድዋ ሲዘመት ጡት ጣለ፣ በኅዳር በሽታ እናቱ ሞተች፣ ለማይጨው ዘመቻ ሚስቱ እርጉዝ ነበረች ይሉናል እንጂ። ጋሼ ይህን ሁሉ ይሰማና በጎኑ ቁጥር ይጽፍበታል፤ ከብቱ ያለቀበትና ረኃቡ የገባበት ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884፣ ዐድዋ 1888፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928። እንዲህ ሲያደርግ ሰንብቶ አንድ ቅዳሜ እርሳሱን አስቀመጠና ሒሳቡ አልዘጋ አለኝ አለ። ምን አገኘህ ብንለው፣ “አባቴ በኅዳር በሽታ ጊዜ የሚታዘል ሕፃን ነበሩ። አባታቸው የሚባሉት ሰው ደግሞ በክፉ ቀን ሞተዋል። በመካከሉ ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ አለ” አለ። ቡናው ተቀድቶ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

ከዚያ ወደ አገር ቤት ለመሄድ ተነሣን። መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ገና ሳይነጋ ወጣን፣ ሱሉልታ ላይ ጉሙ መኪናውን ዋጠው፣ ፍቼ ላይ ፀሐይ ወጣችልን፣ ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጋቢያችንን አንድ በአንድ ጣልን፤ ድልድዩ ላይ ጋሼ ባርኔጣውን አወለቀና እስክንሻገር በጉልበቱ ላይ ያዘው፣ ከዚያም ወደ ደጀን ስንወጣ ብርዱ ተመለሰና ጋቢውን እንደገና ለበስን። ከደጀን በስተቀኝ ወደ ቢቸና ታጠፍን። ጤፉ ዘለላውን ጥሎ ከወዲህ ወዲያ ይተኛል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ሜዳው በሙሉ ቀለሙን ይለውጣል፣ ነፋሱ ሲቆም ደግሞ ይመልሳል። መኪናው ከሚደርስበት ወርደን የቀረውን በእግራችን ሄድን፤ ጋሼ መዝገቡን ለእኔ ሰጠኝና ማሲንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ራሱ ያዘ፤ ልቀበልህ ብለውም አልሰጠኝም።

የደረስንባቸው እናት የአያቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ዘጠና ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የነቃ። አንዲት ልጅ እግራችንን አጠበችን፣ እንጀራ ቀረበ፣ ጠላ ተቀዳ፤ የንስሐ አባታቸውም እንግዳ መምጣቱን ሰምተው መጡና ባረኩልን። እህልና ውኃ ሳይቀመስ ነገር አይነሣምና ጋሼ ታገሠ፤ ሲመሽም መዝገቡን ከፍቶ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበበላቸው። እሳቸውም በየስሙ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከአያቴ ስም ሲደርስ መነቅነቃቸው ቆመ።

“እማማ፣ ሒሳቡ እዚህ ላይ አይገጥምልኝም” አላቸው ጋሼ። “አንቱ ያውቁ እንደሁ ብዬ ነው የመጣሁ።”

ዝም አሉ። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉ፣ መልሰው ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። ከዚያ፣ “መቁጠሩንስ በትክክል ቆጥረሃል፤ አንድ ሰው ዘለን ነው እንጂ። አባቶች የዘለሉትን እኔ ምን ብዬ ላንሣው?” አሉ።

ይህን ጊዜ ቄሱ ተናገሩ። እኔ ከዚያ ሌሊት ሁሉ የማልረሳው ይህንን ነው። ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ “እሜቴ፣ ማቴዎስ የጌታችንን ትውልድ ሲቆጥር ትዕማርን ጠርቷል፣ ራኬብን ጠርቷል፣ ሩትን ጠርቷል፣ የኦርዮን ሚስትም አልዘለለም። ከጌታ ዘር ያልተዘለለ ከእኛ ዘር ይዘለላል?” አሏቸው።

እሳቸውም ነጠላቸውን ለቀቁና ነገሩን። የተዘለለችው የእናታቸው ታናሽ እህት ናት፤ አባቷ በክፉ ቀን ሲሞት ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ስታድግ ድምፅ ሆነች፤ ወፍጮ ላይ ስታንጎራጉር ሴቶቹ የራሳቸውን መጅ አቁመው ያዳምጧት ነበር፤ ከዚያም በአንድ የጥር ሰርግ ማሲንቆ የያዘ ሰው መጣ፣ ሰርጉም አለቀና ሰውየው ሲሄድ እሷም ሄደች። ያን ጊዜ አዝማሪ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ ለሰርግ ይለመናል፣ ልጅ ግን አይሰጡትም። ስሟ ከቤቱ ወጣ። ዓመታት አለፉና በ1911 በኅዳር፣ በሽታው አገሩን ሲያጥለቀልቀው፣ አንድ ማታ ሕፃን አዝላ ማሲንቆ አንግታ ብቻዋን ከእናቷ ደጅ ደረሰች፤ ሰውየውን በመንገድ ቀብራዋለች። ሳምንት ሳትሞላ እሷም ሞተች። ሕፃኑ ተረፈ።

“እናቷም ልጁን አነሣችና በባሏ ስም ጠራችው” አሉ እማማ፤ “ባሏ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ጎረቤት ያውቃል፣ ግን ማን ይናገራል? ሁሉም ሬሳ እያነሣ ነው።”

አስቡት እስቲ። ያ ልጅ ርስቱን በእናቱ በኩል ቢጠይቅ ደንቡ አይከለክለውም ነበር፤ በሴት መቁጠር የተለመደ ነው፤ የከለከለው ሐፍረት ብቻ ነው። ጋሼ ብዙ ቆየና፣ “ማሲንቆውስ?” ብሎ ጠየቀ። “እሳት በላው፤ የሟች ልብስና ምኝታ ሲቃጠል አብሮ ተቃጠለ” አሉት። እኛ ከተማው ውስጥ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ብለን ቆሻሻውን ሰብስበን እናጨሳለን፣ ልጆችም ጭሱን እየዘለሉ ይጫወታሉ፤ በበረንዳው ላይ ቆሞ ያንን ጭስ ሲያዩ የነበሩት አያቴ ምን እንዳሰቡ ዛሬ ቢኖሩ እጠይቃቸው ነበር።

እማማ የተጠቀለለውን ነገር አስቀድመው አይተውት ኖሯል። “ፍታውና አሰማኝ” አሉት። ጋሼ ቄሱን አየ፤ ቄሱም መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እሳቱ ተመለከቱ እንጂ አልከለከሉም። ፈታው፣ ከምድጃው አጠገብ ቆዳውን አሞቀው፣ ዕጣን ቀባው፣ በትዝታ ቀስ ብሎ ጀመረ። እሳቸውም በመዳፋቸው መደቡን መታ መታ ያደርጉ ጀመር፣ ከጋሼም ቀደም ይላሉ፣ ሲዘገይ ይጠብቁታል፤ ሲያበቃም፣ “እጅህ ገና ነው፤ በርታ” አሉት።

ከተመለስን በኋላ ነገሩ በቤተሰቡ መካከል ብዙ አነጋገረ። የሙት አጥንት ለምን ይነካል ያሉም ነበሩ። ልጆቹ ግን ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የጋሼ ማሲንቆ ከየት እንደመጣ ተገኘ፣ በደም ነው ብለው አወጁ። እኔ ይህን አላምንም። ጋሼን ሳየው ኖሬአለሁ፤ የሚጫወተውን ዜማ ያመጣው በየቅዳሜው ጣቱ እስኪቆስል እየሞከረ ነው። ጣት በደም አይወረስም። ነገር ግን አንዲት ሴት የቤቷ ልጆች በስሟ ሲኮሩ ማየት ከመቶ ዓመት በኋላም ቢሆን ይገባታል፤ ስለዚህ አላረምኳቸውም። ስሟ የቤታችን ነውና በቤታችን ይቆይልኝ፤ መዝገቡ ውስጥ በገቢው በኩል፣ ከአያቴ ስም በላይ፣ ጋሼ በትልቁ ጽፎታል።

የቀረን አንድ ነገር አለ። ጋሼ ጸሎተ ፍትሐት ሊያስደርግላት ፈልጎ የክርስትና ስሟን አጣ፤ ካህን በጸሎት የሚያነሣት በክርስትና ስሟ ነውና፤ ወለተ ማን ተብላ በሰማንያ ቀኗ እንደተጠመቀች እማማም አያስታውሱም። እናም ከስሟ ሥር አንድ መስመር ባዶውን ተትቷል። ቨርጂኒያ ያለችው የአጎቴ ልጅ እዚያ የሚኖሩ የአገር ሰዎችን በስልክ ትጠይቃለች፤ አክስቴም ከቢቸና ወገን እንግዳ በመጣ ቁጥር ገና ቡናውን ሳታቀርብ ታነሣበታለች። ሰሞኑን ደብረ ወርቅ በኩል የእናቷን ዝክር የሚያውቁ አንድ አሮጊት አሉ የሚል ወሬ ደርሶናል፤ ዝክሩ የየትኛው ታቦት እንደነበረ ካወቅን ስሟ ሊገኝ ይችላል። መንገዱ ሲደላደል እንሄዳለን፤ ጋሼ የሚጠይቃቸውን ካሁኑ በወረቀት ጽፎ በመዝገቡ ውስጥ አስቀምጦታል።