ሁለት ሞተር በአንድ ፕሮፔለር፦ የሊር ፋን አይሮፕላን ታሪክ

ለንግድ ሰዎችና ለኩባንያ ኃላፊዎች መጓጓዣ በተሠሩ አይሮፕላኖች ታሪክ የአሜሪካዊው ዊልያም ሊር ስም ጎልቶ የሚነሣው እ.ኤ.አ. በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ በበረረው ሊርጄት ነው። በዕድሜው ማምሻ የነደፈው ሊር ፋን 2100 ግን አንዱም ለገዢ ሳይደርስ ቀርቷል። ለሙያው ሰው ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ይኸኛው ነው።

እንደሚታወቀው በክንፎቹ ላይ ሁለት ሞተር የተሸከመ አይሮፕላን አንዱ ሲቆምበት የቀረው ወደ አንድ ወገን ያዞረዋል፤ አብራሪው ፈጥኖ ካልገታውም ውጤቱ አስጊ ነው። ከክንፍ ላይ ጎልተው የሚታዩት የሞተር ማቀፊያዎችም አየሩን እየተጋፉ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሊር ስለዚህ ሁለቱን ሞተሮች በአይሮፕላኑ አካል ኋለኛ ክፍል ውስጥ አኖራቸው። እያንዳንዳቸው 650 የፈረስ ጉልበት የነበራቸው እነዚህ የፕራት ኤንድ ዊትኒ ካናዳ ተርባይኖች ኃይላቸውን በአንድ የማርሽ ሳጥን አገናኝተው ከጅራቱ ጫፍ ያለውን አንድ ፕሮፔለር ያሽከረክሩ ነበር። አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ያንኑ ፕሮፔለር ያዞራል፤ ግፊቱም ከመካከለኛው መስመር አይወጣም። አካሉ በአመዛኙ ከአልሙኒየም ሳይሆን በሙጫ ከተያያዘ የካርቦን ቃጫ የተሠራ መሆኑ በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር።

ሊር ሥራው ሳይፈጸም በ1978 ሞተ። ባለቤቱ ሞያ ሊር ግን ውጥኑን እንዲሞት አልተወችውም። ለሥራ አጦቿ ሥራ ትፈልግ በነበረችው በሰሜን አየርላንድ፣ በቤልፋስት አቅራቢያ ፋብሪካ እንዲቋቋም የብሪታንያ መንግሥት ገንዘብ ለመስጠት ተስማማ። ይህም አይሮፕላኑ 1980 ሳያልቅ እንዲበር ያስገድድ ነበር። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ቀን በኔቫዳ የታሰበው በረራ በቴክኒክ እክል ተስተጓጎለ፤ አይሮፕላኑ የተነሣው በማግስቱ፣ ጥር 1 ቀን 1981 ነው። የብሪታንያ ሹማምንት ግን ቀኑን «ዲሴምበር 32፣ 1980» ብለው መዝግበው ገንዘቡን አላስቀሩም። የቢሮ ሰዎች እንዲህ ያለ ቀልድ የሚፈቅዱት እምብዛም ነው።

የበረራ ብቁነት ማረጋገጫው ግን በዚህ ዓይነት የሚገኝ አልነበረም። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መሐንዲሶች ጥያቄ ያነሡት ሊር እጅግ በተመካበት ቦታ ላይ ነበር፦ ሞተሮቹ ሁለት ቢሆኑም የማርሽ ሳጥኑ አንድ ነው፤ እርሱ ቢሰበር የሁለቱም ጉልበት ከንቱ ይሆናል። ሊር የሞተርን መቆም አስቀድሞ አስቦ መፍትሔ አበጅቶለት ነበር፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ክፍል ሲሰበር ግን ሌላ መተኪያ አልነበረውም። ክርክሩና ማሻሻያው ሲራዘም ገንዘቡ አለቀ፤ ኩባንያውም በ1985 ከሰረ። ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን፣ የቤልፋስት ሠራተኞችም እንጀራቸውን አጡ።

ከተሠሩት ሦስት ናሙና አይሮፕላኖች አንዱ በሲያትል፣ ሌላው በዳላስ ሙዚየም ቆመዋል። ናሳ ደግሞ በ1990ዎቹ ዓመታት በላንግሊ የምርምር ማዕከሉ የሊር ፋንን አካል ከከፍታ እየጣለ የካርቦን ቃጫ አይሮፕላን በአደጋ ጊዜ ተሳፋሪውን ምን ያህል እንደሚጠብቅ መርምሮበታል።