ክብ የመቀራረብ ምሳሌ

በጂኦሜትሪ ከምንማራቸው ቅርጾች ሁሉ ለሰው ኑሮ የሚቀርበው ክብ ነው። ማዕድ ስንቀርብ፣ እሳት ስንሞቅ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። የጥንት ሊቃውንትም ሰው ከሰው ጋር ስላለው ግንኙነት ሲያስተምሩ ይህንኑ ቅርጽ ምሳሌ አድርገዋል። ከእነርሱም የሁለቱን አሳብ ለማነጻጸር አስቤአለሁ።

የመጀመሪያው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ፈላስፋ ሄሮክሊስ ነው። እርሱ እንዳስተማረው እያንዳንዱ ሰው አንዱ በሌላው ውስጥ ባሉ ብዙ ክቦች ተከቧል። በመካከል ያለው ትንሹ ክብ የሰውየው የራሱ ልቡናና ሥጋው ነው። ቀጥሎ ወላጆቹ፣ ወንድሞቹና እኅቶቹ፣ ሚስቱና ልጆቹ፤ ከዚያ አጎቶቹ፣ አክስቶቹና አያቶቹ፤ ከዚያም ሌሎች ዘመዶቹ፣ የሰፈሩ፣ የከተማውና የአገሩ ሰዎች ይከተላሉ። የመጨረሻው ሰፊ ክብ የሰው ዘር በሙሉ ነው። የመልካም ሰው ተግባር በውጭ ያሉትን ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ስለዚህ የአጎትን ልጅ ወንድም፣ አጎትን አባት፣ አክስትን እናት ብለን እንድንጠራ መከረ። ይህ ምክር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በመንገድ ያገኘነውን ሽማግሌ «አባቴ» እንል የለምን?

ይሁን እንጂ በሄሮክሊስ ክብ መካከል የቆመው ራስ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በጋዛ አጠገብ በአባ ሴሪዶስ ገዳም የኖሩትና በዚያም ሕሙማንን ያገለገሉት አባ ዶሮቴዎስ ግን ሌላ ክብ ሣሉ። በባልንጀራችን ላይ እንዳንፈርድ ለመነኮሳት ባስተማሩት ትምህርት፣ ዓለም ክብ ናት፤ መካከልዋ እግዚአብሔር ነው፤ ከዳር ወደ መካከል የሚሄዱት መስመሮች የሰዎች አካሄድ ናቸው አሉ። ሰዎች ወደ መካከሉ በቀረቡ መጠን እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ፤ ከመካከሉ በራቁ መጠንም ይራራቃሉ።

እኔም ይህን ምሳሌ በደብተሬ ላይ በስሌት ፈተንሁት። ራዲየሱ 10 ሜትር በሆነ ክብ ዳር ሁለት ሰዎች ይቁሙ፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ማዕዘን 60 ዲግሪ ቢሆን በሰዎቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሜትር ነው። ሁለቱም ወደ መካከሉ አምስት አምስት ሜትር ቢራመዱ ርቀታቸው 5 ሜትር ይሆናል። አንዱ ብቻ 5 ሜትር ተራምዶ ሌላው ባይነቃነቅስ? ርቀቱ 8 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እንዲህም ሆኖ ከቀድሞው ቀርበዋል። ነገር ግን ያው ሰው ጓደኛውን በዳር ትቶ ብቻውን እስከ መካከሉ ቢደርስ ርቀቱ ተመልሶ 10 ሜትር ይሆናል።

ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ወቀሰኝ። ከአንድ የክፍሌ ልጅ ጋር በትንሽ ነገር ተቀያይመን አንድ ወር ሙሉ ሳንነጋገር ቆይተን ነበር። ጥፋቱ የእርሱ ነውና እርሱ ይምጣ እል ነበር፤ ጸሎት ቤት ግን አንድም ቀን አልቀረሁም። ለካስ ብቻዬን ወደ መካከሉ እየሄድሁ በዳር ባለው ጓደኛዬ ላይ እፈርድ ኖሯል! በማግሥቱ ሄጄ ሰላም አልሁት። ወዲያው እንደ ቀድሞው ሆንን ለማለት አልደፍርም፤ ዛሬ ግን እንነጋገራለን።

ከሄሮክሊስ የራቀውን ሰው በዘመድ ስም መጥራትን እንማራለን። ከአባ ዶሮቴዎስ ደግሞ ማናችንም መካከል እንዳልሆንን፣ ሁላችንም ከዳር የተነሣን መንገደኞች እንደ ሆንን እንማራለን። እኔ የኋለኛውን አብልጬ ወደድሁት፤ ራሱን በመካከል ያቆመ ሰው ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃልና።

ውድ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ! በዚህ ዓመት ከትምህርት ቤታችን ወጥተን ወደየአቅጣጫው እንሄዳለን። የተቀያየማችሁ ካላችሁ፣ ከመለያየታችን በፊት ያችን የመጀመሪያ 5 ሜትር ተራመዱ።