ፀሐይ ቆመች ስለ ማለት

ከባዕድ አገር ወደ ቋንቋችን የሚገባ ቃል የተወለደበትን አገር ጠባይ ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ትርጕሙን ብቻ ሳይሆን ምንጩንም መርምረን ልንቀበለው ይገባናል። ለዚህም «ሶልስቲስ» የተባለው ቃል ምሳሌ ይሆነናል።

ቃሉ «ሶልስቲቲየም» ከሚለው የላቲን ቃል የተገኘ ነው። «ሶል» ፀሐይ ማለት ሲሆን፥ ቀሪው ክፍል መቆም ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ባንድነት «የፀሐይ መቆም» ማለት ይሆናል። ይህም በገባዖን እንደ ሆነው ያለ መቆም አይደለም። ፀሐይ የምትወጣበት ስፍራ ከታኅሣሥ ጀምሮ ዕለት ዕለት ወደ ሰሜን ሲያልፍ ቈይቶ፥ ሰኔ 14 ቀን ገደማ ላይ ለጥቂት ቀን ባንድ ቦታ የረጋ ይመስላል፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ይመለሳል። ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ላይም በደቡብ በኩል እንደዚሁ ይሆናል። ምክንያቱም ምድር 23 ዲግሪ ተኩል ያህል አዘንብላ በፀሐይ ዙሪያ መዞሯ ነው።

ነገሩ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም። ሙሉ ሆኖ በግእዝ ብቻ የተጠበቀልን መጽሐፈ ሄኖክ፥ ፀሐይ በስድስት የምሥራቅ ደጆች ስትወጣና ስትመለስ ያሳያል። ዕለቱንም በ18 ክፍል መድቦ፥ መዓልቱ እጅግ በረዘመ ጊዜ 12ቱ ክፍል ለመዓልት፥ 6ቱ ለሌሊት መሆኑን ይናገራል። ዳሩ ግን ይህ ልክ የእኛ ምድር ልክ አይደለም። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቆ በሚገኘው በሐዲያ ምድር፥ በሀቢቾ፥ ረጅሙ መዓልት አጭሩን የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። የፀሐይ መመላለስ በዚያ ጐልቶ የሚታወቀው በጥላ ነው፤ በሰኔ ደመናው ገለል ሲል በቀትር የተተከለ እንጨት ጥላው ወደ ደቡብ፥ በታኅሣሥ ግን ወደ ሰሜን ይወድቃልና።

በዚህም ላይ አውሮፓውያን የሰኔውን ሶልስቲስ የሚጠሩት በሞቃቱ ወራታቸው ስም ነው። እኛም «የበጋ ሶልስቲስ» ብለን ብንተረጕመው፥ በዚያው ሰሞን የክረምት ዝናም በእንሰቱ ላይ ሲወርድ የሚያይ የሀቢቾ ልጅ ከመጽሐፉና ከዓይኑ አንዱን መካድ ግድ ይሆንበታል። በተማሪነታችን ጊዜ እኛም ቃሉን በቃላችን አጥንተን በፈተና ጽፈናል፤ ጥላውን ግን አልተመለከትንም።

እንግዲህ «የሰኔ የፀሐይ መቆሚያ»፥ «የታኅሣሥ የፀሐይ መቆሚያ» ብንል እውነቱም ቋንቋውም አይጐዳም። መምህራንም ቃሉን ከማስጠናታቸው አስቀድመው ተማሪዎቻቸውን ወደ ጥላው ቢያወጡ፥ ትምህርቱ ከምድራችን ጋራ ይታረቃል።