የእንግሊዝኛ ሰዋስው ከየት መጣ?

በትምህርት ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ድርሰቱ በቀይ ቀለም ታርሞ ያልተመለሰለት ተማሪ ቢፈለግ የሚገኝ አይመስለኝም። እኔም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ «ማንም አልመጣም» ለማለት አስቤ «ኖባዲ ዲድ ኖት ከም» ብዬ ጽፌ ነበር። ድርሰቱ ሲመለስልኝ «ኖባዲ ኬም» ተብሎ ታርሞ አገኘሁት። ስሕተቴን ተቀበልሁ፤ ደንቡንም በቃሌ ያዝሁ። ነገር ግን «ይህን ደንብ ያወጣው ማን ነው? ስለ ምንስ አወጣው?» የሚለው ሐሳብ ከልቤ ሳይወጣ ቀረ። ይህችን አጭር ጽሑፍ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

፩. ከባለቤትና ከተሳቢ እንጀምር

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱንና እርባ ቅምሩን እያጠና ወደ ቅኔና ወደ መጻሕፍት ምስጢር የሚወጣበት መሰላል ስለ ሆነ ስሙ ተስማሚ ነው። በዚህም መሰላል ላይ ከሚገኙት እርከኖች አንዱ ባለቤትንና ተሳቢን መለየት ነው። በግዕዝ «ንጉሥ» የሚለው ቃል ባለቤት ሲሆን በሳድስ ይጨርሳል፤ ተሳቢ ሲሆን ግን «ንጉሠ» ተብሎ በግዕዝ ፊደል ይጨርሳል። አማርኛችንም ይህን ሥራ በ«ን» ይሠራል። ስለዚህ «አዳኙ አንበሳውን ገደለ» ብንልም፥ «አንበሳውን አዳኙ ገደለ» ብንልም የሞተው አንበሳው ነው። ቃላቱ ቦታ ቢለዋወጡም «ን» እስካለች ድረስ ነገሩ አይምታታም።

በእንግሊዝኛ ግን እንዲህ አይደለም። «ዘ ሀንተር ኪልድ ዘ ላየን» ስንል አዳኙ አንበሳውን ገደለ ማለት ነው፤ «ዘ ላየን ኪልድ ዘ ሀንተር» ካልን ግን አንድም ፊደል ሳንጨምርና ሳንቀንስ አዳኙን ገደልነው! በእንግሊዝኛ ባለቤቱን ከተሳቢው የሚለየው የቃሉ መድረሻ ሳይሆን የቃሉ ቦታ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር እንግሊዝኛ ሁልጊዜ እንዲህ አለመሆኑ ነው። አንግሎችና ሳክሶኖች በአምስተኛው መቶ ዓመት ወደ ብሪታንያ ይዘውት የገቡት ቋንቋ እንደ ግዕዝና እንደ አማርኛ የቃል መድረሻ ነበረው። በዚያ በጥንቱ እንግሊዝኛ አዳኝ ባለቤት ሲሆን «ሴ ሁንታ» ይባል ነበር፤ ተሳቢ ሲሆን ግን «ቶኔ ሁንታን» ይባላል። በመጨረሻው ላይ ያለችው «ን» ከእኛይቱ «ን» ጋር ዝምድና የላትም፤ በአጋጣሚ ተመሳሰሉ እንጂ። ሥራቸው ግን አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን እንግሊዛዊ ቃላቱን ከእኛ ዘመን እንግሊዛዊ ይልቅ በሰፊው ማዘዋወር ይችል ነበር።

፪. መድረሻው እንዴት ጠፋ?

ይህን መድረሻ አንድ ንጉሥ በዐዋጅ አልሻረውም፤ አንድ ሊቅም ይቅር ብሎ አልደነገገም። በጥቂት በጥቂቱ ረገፈ እንጂ። ሊቃውንት ከሚሰጧቸው ምክንያቶች አንደኛው የአነጋገር ጠባይ ነው። እንግሊዞች የቃሉን መጀመሪያ አጥብቀው ስለሚናገሩ መጨረሻው እየደከመ ሄደ። ሁለተኛው ከስካንዲናቪያ የመጡት ቫይኪንጎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከ793 ዓ.ም. ጀምሮ የእንግሊዝን አገር ሲወጉ ኖረው በኋላ ብዙዎቹ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ሰፈሩ። ቋንቋቸው ከእንግሊዝኛ ጋር ዘመድ ስለ ነበረ የብዙ ቃላት ሥር አንድ ነው፤ መድረሻው ግን ይለያያል። ጎረቤታሞች በገበያ ሲገናኙ ሥሩን ይዘው የሚለያያቸውን መድረሻ ቢተዉት አያስደንቅም።

ሦስተኛው በ1066 ዓ.ም. የደረሰው ነው። በዚያ ዓመት የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ከዚያ በኋላ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ቋንቋ ፈረንሳይኛ፥ የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ ላቲን ሆነ። እንግሊዝኛ የገበሬና የባለ እጅ ቋንቋ ሆኖ፥ የጥንቱን አጻጻፍ የሚጠብቅለት ባለሥልጣን ሳይኖረው፥ በሕዝቡ አፍ ላይ ብቻ ሲለዋወጥ ኖረ። በ1362 ዓ.ም. ክርክር በፍርድ ቤት በእንግሊዝኛ እንዲሆን ሕግ ወጣ፤ የሕጉ ጽሑፍ ራሱ ግን በፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ወደ አደባባይ ሲመለስ መድረሻዎቹ አብዛኞቹ ረግፈው ነበር። ከቅሬታዎቹ መካከል ዛሬ የምናያቸው «ሂ»ና «ሂም»፥ «ሁ»ና «ሁም» ናቸው። በ«ሂ ጎውዝ» መጨረሻ ላይ የምትገኘው፥ እኛ ዘወትር የምንረሳት ድምፅም የዚያ የቀድሞው ሠራዊት የመጨረሻ ወታደር ናት።

ከዚህ በኋላ መድረሻው ይሠራው የነበረውን ሥራ ቦታ ተረከበ። ባለቤቱ ከፊት፥ ተሳቢው ከኋላ ሆኖ፥ ግሱ በመካከላቸው እንደ ድንበር ድንጋይ ተተከለ። አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ሲያስቀምጥ እንግሊዝኛ በመካከል የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሌላም ነገር ተከተለ። በአማርኛ «መጣ» ብሎ ማቆም ይቻላል፤ የመጣው እርሱ እንጂ እርሷ ወይም እነርሱ አለመሆናቸውን ግሱ ራሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ «ኬም» ብቻ ቢባል ማን እንደ መጣ አይታወቅም። ስለዚህ «ሂ ኬም» ማለት ግድ ሆነ። ይህም ልማድ እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ፥ እኛ «ይዘንባል» በምንልበት ጊዜ እንግሊዞች የሚዘንበውን ባለቤት ስላላገኙ «ኢት» የምትባለውን ቃል ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር ያስቀምጧታል። ተማሪ «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ሲጽፍ በአማርኛ ሕግ ትክክል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሕግ ግን ወንበሩን ባዶ ትቶአል ማለት ነው።

፫. የላቲን ልብስ

እስከዚህ ድረስ ደንቡን የሠራው ሕዝቡ ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ጸሐፊዎች የመጡት ቈይተው ነው። በእንግሊዝ አገር በጥንት ጊዜ «ሰዋስው» ሲባል የላቲን ሰዋስው ማለት ነበር። በንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ዘመን፥ በ1540ዎቹ ዓመታት፥ በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ዋና መምህር በነበረው በዊልያም ሊሊ ስም የሚጠራው የላቲን ሰዋስው በትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲሠራበት ታዘዘ። ዊልያም ቡሎካር የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው በ1586 ዓ.ም. ሲያሳትም የሊሊን መጽሐፍ አብነት አድርጎ ተከተለ። ስለዚህ እንግሊዝኛ በራሱ ልክ ሳይሆን በላቲን ልክ የተሰፋ ልብስ ለበሰ።

ልብሱ አለመስማማቱን ከተናገሩት አንዱ ጆን ዋሊስ ነው። ዋሊስ በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ መምህር ነበር፤ በሒሳብ ትምህርታችን ፍጻሜ የሌለውን ቍጥር የምናመለክትበትን፥ የተጋደመ ስምንት የሚመስለውን ምልክት በ1655 ዓ.ም. ያስገባ እርሱ ነው። በ1653 ዓ.ም. ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው እንግሊዝኛን ወደ ላቲን ሕግ መጐተት እንደማይገባ ነቀፈ። ነገር ግን የውጭ አገር ሰዎች እንዲረዱት መጽሐፉን በላቲን ጻፈው! «ሻል»ንና «ዊል»ን በመደብ የሚለየውን ደንብ ያስተማረው እርሱ ነው።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ዓመት ልዩነት የሰዋስው መጽሐፍ አወጡ። በ1761 ዓ.ም. ጆሴፍ ፕሪስትሊ፥ ይኸውም በ1774 ዓ.ም. ኦክሲጅንን ለይቶ ያገኘው ኬሚስት፥ የቋንቋ ዳኛ የሕዝብ ልማድ ነው ብሎ ጻፈ። በ1762 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ፥ የታወቁ ደራስያን እንኳ ተሳስተዋል እያለ ስሕተታቸውን በግርጌ ማስታወሻ ዘረዘረ። በትምህርት ቤቶች ይበልጥ ሥር የሰደደው የላውዝ መንገድ ነው። በ1795 ዓ.ም. በዮርክ ከተማ አጠገብ ይኖር የነበረው አሜሪካዊው ሊንድሊ መሪ በአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መምህራን ጥያቄ የጻፈው ሰዋስው ከላውዝ ብዙ ወስዶ በእንግሊዝና በአሜሪካ እጅግ ተሠራጨ።

አሁን ወደ «ኖባዲ ዲድ ኖት ከም» ልመለስ። በ1400 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ ባለቅኔ ቾሰር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለትና ሦስት አፍራሽ ቃላት ይደረድር ነበር፤ ቃላቱም እርስ በርሳቸው ይበረታቱ ነበር እንጂ አይፋረሱም ነበር። በኋላ ጸሐፊዎች ይህን ልማድ እየተዉት መጡ፤ የሰዋስው ሊቃውንትም፥ ከእነርሱም መካከል ላውዝ፥ ሁለት አፍራሾች እርስ በርሳቸው ተፋርሰው አዎንታ ይሆናሉ ብለው በደንብ አጸኑት። በአልጀብራ ነጋቲቭ በነጋቲቭ ሲባዛ ፖዚቲቭ እንደሚሆን ያለ ነው። እንግዲህ የእኔ ስሕተት የአእምሮ ጕድለት አልነበረም። «ማንም አልመጣም» የሚለውን የአማርኛ ሕግ በእንግሊዝኛ ቃላት መጻፌ ነበር፤ ቾሰር ቢያየውም እንደ ልማዱ አይቶ ያልፈው ነበር። ዛሬ ግን ደንቡ ደንብ ነውና በፈተና ላይ ቾሰርን ምስክር ልጠራ አልችልም።

፬. ሰዋስውን በዘብ ላይ ያጠና ወታደር

«ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል?» ለሚል ወንድሜ የዊልያም ኮቤትን ታሪክ እነግረዋለሁ። ኮቤት በ1763 ዓ.ም. ከድኻ ገበሬ ቤት ተወልዶ በ1784 ዓ.ም. በተራ ወታደርነት ተቀጠረ። ደመወዙ በቀን ስድስት ፔንስ ነበር። የላውዝን ሰዋስው አግኝቶ ደጋግሞ በእጁ ገለበጠው፤ በቃሉም ያዘው፤ ዘብ በቆመ ቍጥር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይወጣው ነበር። ወንበሩ የአልጋው ጠርዝ፥ የመጻሕፍት ሣጥኑ የወታደር ስልቻው፥ የጽሕፈት ጠረጴዛው በጭኑ ላይ ያስቀመጠው ሳንቃ እንደ ነበረ ራሱ ጽፎአል። ሻማ መግዣም ስላልነበረው በክረምት ማታ የሚያነበው በእሳት ብርሃን ነበር።

ይህ ሰው በኋላ ባለሥልጣኖች የሚፈሩት ጋዜጠኛ ሆነ። በ1818 ዓ.ም. በደብዳቤ መልክ ለአሥራ አራት ዓመት ልጁ የጻፈውን የእንግሊዝኛ ሰዋስው አሳተመ፤ መጽሐፉም ለወታደሮች፥ ለመርከበኞች፥ ለእጅ ሥራ ተማሪዎችና ለአራሽ ልጆች የታሰበ መሆኑን በርእሱ ላይ አመለከተ። በ1823 ዓ.ም. እትም ደግሞ የመንግሥት ሰዎች የተሳሳተ ሰዋስው እንዳይጽፉ የሚረዱ ስድስት ትምህርቶች ጨመረበት! በ1832 ዓ.ም. የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ። ድኻ በአነጋገሩ ምክንያት አቤቱታው በሚናቅበት ዘመን ኮቤት ሰዋስውን እንደ ጋሻ ያዘው። ሰዋስው የማያውቅ ሰው በሚያውቅ ሰው ፊት መብቱን ማስረዳት እንደሚያቅተው ተረድቶ ነበርና።

፭. ለእኛስ?

የእኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በአገራችን ከጣልያን ወረራ በፊት በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ፈረንሳይኛ ታላቅ ስፍራ ነበረው። ከ1941 ዓ.ም. ወዲህ ግን እንግሊዝኛ ተተካ፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም እስከ ዛሬ የሚሰጠው በእርሱ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቱንና ግሱን ለይቶ የማያገኝ ተማሪ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። የፊዚክሱን ጥያቄ መልስ እያወቀ ጥያቄውን ሳይረዳው ይቀራል። በራሴና በጓደኞቼ ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ደግነቱ መሰላሉን ያሻሻሉት እንግሊዞች ብቻ አይደሉም። ከ1909 እስከ 1949 ዓ.ም. በሰባት ቅጽ የታተመውን ታላቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው የጻፈው ኦቶ የስፐርሰን የዴንማርክ ሰው ነው። ኤ. ኤስ. ሆርንቢ እንግሊዛዊ ቢሆንም ትምህርቱን ያገኘው በጃፓን ሲያስተምር ነው። ለባዕድ ተማሪ የቃሉን ትርጕም ማወቅ ብቻ እንደማይበቃው፥ ግሱ ምን እንደሚያስከትልም ማወቅ እንዳለበት አስተዋለ። «ዋንት» የሚለው ግስ «ቱ ስዊም»ን ያስከትላል፤ «ኢንጆይ» ግን «ስዊሚንግ»ን። ይህን ሥርዓት የያዘው መዝገበ ቃላቱ በ1942 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በኦክስፎርድ ታተመ። ግሶችን በየሥርዓታቸው የመደበበት መጽሐፍም በ1954 ዓ.ም. ወጣ።

የራሳችንንም አንርሳ። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛን ሰዋስው በ1698 ዓ.ም. በፍራንክፈርት ያሳተመው በላቲን ነው፤ አማርኛን ያስተማረው ግን ኢትዮጵያዊው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ነበር። ባዕድ ሰው ቋንቋችንን መርምሮ መጽሐፍ ከጻፈ፥ እኛም የባዕዱን ቋንቋ መርምረን የማናውቅበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ደንቡን በቃላችን መያዝ መልካም ነው፤ ኮቤትም እንዲሁ አድርጎአል። ነገር ግን ምክንያቱን የምናውቀው ደንብ በፈተና ማግሥት አይጠፋብንም። እንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ሲገጥመን አስቀድመን ግሱን እንፈልግ፤ ከፊቱ ያለውን ባለቤት፥ ከኋላው ያለውን ተሳቢ እንለይ፤ ከዚያም «ይህ በአማርኛዬ እንዴት ይባላል? የሚለያዩትስ በምን ላይ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሁለቱን ቋንቋዎች ጐን ለጐን አስቀምጦ የሚያይ ተማሪ በቀይ ቀለም የተሰመረበትን ስሕተት እንደ ውርደት ሳይሆን ወደ ላይ እንደሚያወጣው እርከን ይቈጥረዋል። የሰዋስው ትርጕሙም መሰላል ነው።