ስለ ወንድማማች ቅንዓት፤ ከግሸንና ከሮሐ ታሪክ



መስከረም 21 ቀን ግማደ መስቀሉን ለመሳለም ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ የወጣ ሰው፥ ዳገቱ እንዴት አድካሚ፥ ገደሉም እንዴት ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ያውቀዋል። ተራራው ራሱ በመስቀል አምሳል የቆመ ነውና ተሳላሚው ደስ ብሎት ይወጣል፥ ተባርኮም ይወርዳል። ነገር ግን በዚያው ዳገት ወጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልወረዱ ሰዎች ነበሩ። እነዚህም ሽፍቶች ወይም ነፍሰ ገዳዮች አልነበሩም፤ የንጉሥ ልጆችና የንጉሥ ወንድሞች ነበሩ እንጂ። የብዙዎቹ በደል ከነገሠው ሰው ጋራ ከአንድ ዘር መወለዳቸው ብቻ ነበር።

ይህ ልማድ ከምን ተነሣ? ዓመታቱን በአውሮጳ አቈጣጠር እንናገርና፥ የዐፄ ይኵኖ አምላክ ልጅ ዐፄ ይግባ ጽዮን ከ1285 እስከ 1294 ነገሠ። በሞተም ጊዜ ልጆቹ እስከ 1299 ድረስ በዙፋኑ ላይ ተፈራረቁበት፤ ጸንቶ የተቀመጠ አንድ ስንኳ አልነበረም። አፈ ታሪክ እንደሚነግረን ወንድማማቾቹ እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዓመት በተራ ሊነግሡ ተስማምተው ነበር። ታናሹ ግን በማዕድ ላይ ከታላላቆቹ ዝቅ መደረጉን በልቡ ቋጥሮ ያዘው። «ተራዬ በደረሰ ጊዜ ሁሉንም አስሬ ዙፋኑን ለብቻዬ አደርጋለሁ» ብሎ ምስጢሩን ለወዳጁ አጫወተው፤ ወዳጁም ሄዶ ለነገሠው ወንድሙ ገለጠበት። ንጉሡም ያንኑ ምክር ገልብጦ፥ መካሪውን ከቀሩት ወንድሞቹ ጋራ ወደ አምባው አወጣው ይባላል።

ልብ በሉ፤ የነገሩ መነሻ የጦር ሜዳ አይደለም፥ ገበታ ነው። በየቤታችንም ቢሆን «ወንድምህን አታየውም፥ እርሱ እኮ ከአንተ ይሻላል» የምትለው ቃል የምትነገረው ብዙ ጊዜ እንግዳ በተቀመጠበት፥ እንጀራ በቀረበበት ሰዓት ነው። ተናጋሪው አባት እጁን ሳይታጠብ ይረሳዋል። የሰማው ልጅ ግን ሸምግሎም ያስታውሰዋል።

የግሸን እስራት በአንድ ትውልድ አላበቃም። ታሳሪዎቹ በዚያው አግብተው ወለዱ፤ ልጆቻቸውም አያቶቻቸው የተጣሉበትን ዙፋን አይተውት ሳያውቁ የጠቡን ዕዳ ወረሱ። አልፎ አልፎ ብቻ፥ ንጉሥ ሲሞት፥ አንዱ ከገደሉ ወርዶ ዘውድ ይጭን ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434፥ ዐፄ ናዖድም በ1494 ወደ ዙፋን የመጡት ከዚሁ ከግሸን ነው። ወደዚያው ተራራ ግማደ መስቀሉን ያስገባው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሆኑን ስናስብ ልባችን ይነካል፤ የተራራውን ኑሮ ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ንጉሥ አልነበረምና።

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ የመጣው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ አምባ ብዙ ጽፎአል። ከጻፈውም ሁሉ አንዱ ታሪክ ከልብ አይጠፋም። የዐፄ ልብነ ድንግል ወንድም የሆነ አንድ ልጅ ከአምባው አምልጦ ወደ እናቱ ቤት ሸሸ። ከዚያ ያመለጠውን መቀበል በሞት የሚያስቀጣ ነበርና እናቱ ልትደብቀው አልደፈረችም፤ ራስዋ ይዛ ወደ ንጉሡ አቀረበችው። ንጉሡም «ስለ ምን ሸሸህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ፥ በራብ መጐዳቱንና ይህን የሚነግርለት ሰው ስላጣ ራሱ መምጣቱን መለሰለት። ንጉሡም አዘነለትና መልካም ልብስ አለበሰው፥ ወርቅና ሐርም ሰጠው፤ ከዚያም ወደ አምባው መለሰው። አንዲት እናት ልጅዋን ለልጅዋ አሳልፋ ሰጠች። ወንድምም ወንድሙን በወርቅ አጅቦ ወደ እስር ቤት ላከው።

ይህን የምንተርከው ነገሥታቱን ለመክሰስ አይደለም። ተቀናቃኝ ሲበዛ የሚያልቀው ድኻው ገበሬ ነበርና፥ አምባው ከብዙ ጦርነት አድኖ ይሆናል። ሰላሙ ግን የዘበኛ ሰላም ነበር። የግራኝ አሕመድ ሠራዊት ግሸንን በ1540 ገደማ ካጠፋው በኋላ ልማዱ ተቋርጦ ቢቈይም፥ ዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667) ወንድሙ ገላውዴዎስ ባመፀበት ጊዜ በበጌምድር ወኅኒ አምባን ለዚሁ ሥራ መረጠው። ዛሬ እስር ቤትን ሁሉ ወኅኒ የምንለው ከዚህ ስም የተነሣ ነው፤ በወንድማማች መካከል የተነሣው ነገር እስከ አነጋገራችን ድረስ ዘለቀ ማለት ነው።

ከግሸን ዘመን አስቀድሞ ግን በላስታ፥ በሮሐ ሌላ ዓይነት ፍጻሜ ያገኘ ጠብ ነበር። ገድለ ላሊበላ እንደሚነግረን ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች መንግሥቱን ዐወቁ ስትል ላሊበላ አለችው። በአንዱ አልጋ አጠገብ በደስታ የተነገረች ቃል ግን በታላቅ ወንድሙ በሐርቤ ልብ እሾህ ሆነች። ነገሩ እያደገ ሄዶ እኅቱ መርዝ እስክታጠጣው ደረሰ፤ ጽዋውን አስቀድሞ የቀመሰ ዲያቆንም ሞተ። እነሆ፥ ጠቡ የማይመለከተው ሰው መጀመሪያ ወደቀ።

በኋላ ግን ሐርቤ በራእይ ተገሠጸ፤ ወንድሙንም ሊቀበለው ወጣ። ተገናኝተው ተቃቀፉ፥ ተላቀሱም። ሐርቤ ይቅርታ ለመነ፥ ዘውዱንም ለታናሹ አሳልፎ ሰጠ። ታላቅ ወንድም በሕይወት ሳለ፥ ኀይልም ሳያንሰው፥ ለታናሹ እንዲህ ዝቅ ማለቱ ከነገሥታት ታሪክ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ነገር አይደለም።

ሐርቤም ነአኵቶ ለአብ የሚባል ልጅ ነበረው። የግሸን ሥርዐት በዚያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ የዚህ ሕፃን ስፍራ የታወቀ ነው፤ የተቀናቃኝ ልጅ ነውና ወደ ገደል ይወጣ ነበር። ላሊበላ ግን ከሚስቱ ከመስቀል ክብራ ጋራ እንደ ልጁ አድርጎ በቤቱ አሳደገው። ነአኵቶ ለአብም ካደገ በኋላ ከአጎቱ ቀጥሎ ነገሠ። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ራቅ ብሎ በዋሻ ውስጥ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን በስሙ ትጠራለች፤ ከጣሪያው ዐለት የሚንጠባጠበውንም ውኃ ምእመናን እስከ ዛሬ ጠበል ብለው ይቀበሉታል።