ቀርን፣ ጥፍር፣ ምስል፦ የዓይን ገጽ ሕመሞች የስም ታሪክ

«ዓይኑ ዐ» እያልን ከልጅነታችን የምንቆጥረው ፊደል ክብ የሆነው እንዲያው አይደለም። ከ3000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብንሄድ፣ የሴም ቋንቋ ተናጋሪዎች በሲና ምድር ድንጋይ ላይ የቀረጹት የዚህ ፊደል አባት የዓይን ሥዕል ነበር። ሥዕሉ ዘመን በዘመን እየቀለለ ሄዶ ዙሪያው ብቻ ቀረ። በደቡብ ዓረብ ጽሕፈት በኩል ወደ ግእዝ ገባ፤ ግሪኮች ደግሞ ከፊንቄዎች ወስደው «ኦ» አደረጉት። በዓረብኛና በዕብራይስጥ ያው ቃል የውኃ ምንጭም መጠሪያ ነው፤ እኛም «የምንጭ ዓይን» እንላለን። የዓይን ገጽ እንባ ካጣ ጤና የለውምና ዝምድናው ሐኪምንም የሚያስማማ ነው።

ከፊደሉ ወደ ሕመሞቹና ወደ ሕክምና መሣሪያዎቹ ስሞች ብንሻገር፣ እያንዳንዱ ስም ሰያሚው በዘመኑ ምን ማየት እንደቻለ ይመሰክራል።

ከዓይን ፊት ለፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ኮርኒያ ነው፤ መሐሉ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጌለንን የመሰሉ የግሪክ ሐኪሞች «ቀንድ መሰል ሽፋን» ብለውታል። ቀንድ በስሱ ተፍቆ ወደ ብርሃን ሲያዝ ብርሃን እንደሚያሳልፍ፣ የቀንድ ዋንጫ ሲሠራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። የጌለንን መጻሕፍት በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የተረጎመው ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ ስለ ዓይን በጻፈው መጽሐፍ ይህ ሽፋን «ቀርኒያ» ይባላል። የዓረብኛው «ቀርን» ከግእዙ «ቀርን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ የአማርኛው «ቀንድ»ም የዚያው ልጅ ነው። የሁነይን መጽሐፍ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፍሪካዊው ቆስጠንጢኖስ እጅ ወደ ላቲን ገባ። ላቲንም ቀንድን «ኮርኑ» ይላልና ሽፋኑን «ኮርኒያ» አለው። በእስራኤል የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተ እስራኤል በዓይን ክሊኒክ ኮርኒያ በዕብራይስጥ «ካርኒት» ሲባል ቢሰማ፣ ቃሉ ከአያቶቹ ግእዝ ሩቅ አይደለም።

ፀሐይና አቧራ ላይ ሲውል በኖረ ሰው ዓይን፣ ከነጩ ክፍል ተነስቶ ወደ ኮርኒያው የሚሳብ ሥጋ ይታያል። ግሪኮች «ፕተሪጊዮን» አሉት፤ ትንሽ ክንፍ ማለት ነው። ሮማዊው ኬልሰስ «ኡንጉዊስ» ብሎ ጻፈ፤ ጥፍር ማለት ነው። የዓረብ ሐኪሞችም ከ«ዙፍር» ስም አወጡለት፤ ይህ ቃል የግእዙ «ጽፍር»፣ የአማርኛው «ጥፍር» ወንድም ነው። አንዱ የሥጋውን መዘርጋት አየ፣ ሌላው ጫፉ ኮርኒያውን እንዴት እንደያዘ አየ። ዛሬ ሐኪሙ የሚከታተለው ያንኑ ጫፍ ነው፤ በየጊዜው ፎቶ እያነሳ ወደ መሐሉ ምን ያህል እንደገፋ ይለካል።

አገራችንን ከሁሉም በላይ የሚነካው ስም ግን ትራኮማ ነው፤ በገጠር «የዓይን ማዝ» እንለዋለን። «ትራኪስ» በግሪክ ሻካራ ማለት ነው። ቃሉ የተገኘው የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ውስጡን ካየና በጣቱ ከዳሰሰ ሐኪም ሳይሆን አይቀርም። በ1907 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ተመራማሪዎቹ ሀልበርሽቴተርና ፎን ፕሮቫዜክ በጃቫ ደሴት ከታማሚ ዓይን የተወሰዱ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ፣ በአንዳች ነገር የተጠቀለሉ ነጠብጣቦች አዩ። ከግሪኩ «ክላሚስ»፣ ማለት ካባ፣ ስም አወጡላቸው። የጀርሙ ሙሉ ስም «ክላሚዲያ ትራኮማቲስ» ስለዚህ ሁለት ዘመን ይዟል፤ የመጀመሪያው ቃል ከማይክሮስኮፕ መጣ፣ ሁለተኛው ከጣት። ሕመሙ ሲቆይ የዓይን ቆቡ ጠባሳ ይዞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ፀጉሩም ኮርኒያውን ይፍቃል። ይህ «ትሪካያሲስ» ይባላል፤ «ትሪክስ» ፀጉር ነው። እናቶቻችን በወረንጦ የሚነቅሉት ያንን ፀጉር ነው።

ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ስሞቹ ጠባያቸውን ለወጡ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ፖርቹጋላዊው አንቶኒዮ ፕላሲዶ ጥቁርና ነጭ ክቦች የተሣሉበት ሳህን በታካሚው ዓይን ፊት ይይዝና የክቦቹን ነጸብራቅ ኮርኒያው ላይ ይመለከት ነበር። ክቦቹ ከተጣመሙ ኮርኒያው ተጣሟል። መሣሪያው «ኬራቶስኮፕ» ተባለ፤ «ቀንድ መመልከቻ» እንደማለት ነው። የኮርኒያን ጉብታና ዝቅታ በቀለም ካርታ የሚያወጡ ብዙ የዛሬ መሣሪያዎች በእነዚያው ክቦች ይሠራሉ። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት የሚሾልበት ኬራቶኮነስ ገና ሲጀምር የሚታወቀው በዚህ ካርታ ነው።

የዓይን ጠብታው «ፍሎረሲን»ም ታሪክ አለው። አዶልፍ ፎን ባየር በ1871 የሠራው ይህ ቀለም በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ አረንጓዴ ያበራል፤ ኮርኒያው የተላጠበትን ቦታም አጉልቶ ያሳያል። የስሙ ሥር የላቲኑ «ፍሉኤሬ»፣ መፍሰስ፣ ነው። ማዕድን አቅላጮች ብረት ቀልጦ እንዲፈስ የሚጨምሩት ድንጋይ «ፍሎራይት» ተባለ፤ የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ በ1852 የማብራቱን ጠባይ በድንጋዩ ስም ጠራው፤ የቀለሙ ስምም ከዚያ መጣ።

በ1991 የተዋወቀው የብርሃን ሞገድ «ቶሞግራፊ» ዓይንን ሳይነካ ንብርብሩን ይለያል፤ «ቶሞስ» በግሪክ ቁራጭ ነው። ማርቪን ሚንስኪ በ1957 የፈጠራ መብት የጠየቀበት «ኮንፎካል» ማይክሮስኮፕ ደግሞ በሕያው ኮርኒያ ውስጥ ነርቮችንና የፈንገስ ክሮችን ያሳያል። «ፎከስ» በላቲን ምድጃ ነው፤ የከዋክብት ተመራማሪው ኬፕለር በ1604 ጨረሮች የሚገናኙበትን ነጥብ እንዲህ ሰየመው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የጥንቶቹ ስሞች ሕመሙ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ፤ አዲሶቹ ብርሃኑ ምን እንደሚሠራ። እኛ ሁለቱንም የሚያገናኝ ቃል አለን። «ምስል» ከግእዙ «መሰለ» ይወጣል፤ «ምሳሌ»ና «አምሳል»፣ በየቀኑ የምንለው «መሰለኝ»ም ወገኖቹ ናቸው። «መሰለኝ» በሕክምና አደገኛ ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1987 ባወጣው የትራኮማ መለኪያ፣ በላይኛው የዓይን ቆብ ውስጥ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ እብጠቶች መቆጠር አለባቸው። ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ሕፃን አይተው 4ና 6 ሊቆጥሩ ይችላሉ። የተገለበጠው የዓይን ቆብ ፎቶ ካለ ግን ሌሎች ደግመው ይቆጥሩታል፤ በአማራ ክልል በተካሄዱ የትራኮማ ጥናቶችም እንዲህ ተሠርቷል። ሕመሙ እየቀነሰ ሲሄድም አዲስ ሠልጣኝ የሚማርበት ታማሚ ስለሚያጣ፣ ፎቶው መምህር ይሆነዋል።

አንድ ምስል ብቻውን ግን ሕመሙ መኖሩን እንጂ መንገዱን አይናገርም። መንገዱን የሚያሳየው «ክትትል» ነው፤ ከ«ተከተለ» የወጣ ቃል ነውና ምስል ምስልን ሲከተል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሞቻችንን የምለምነው፣ ምስሉን በፋይል ብቻ አታስቀሩት። ያለፈውንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለታካሚው አሳዩት፤ «ጠባሳው አምና እዚህ ነበር፣ ዘንድሮ እዚህ ደርሷል» በሉት። ቀዶ ሕክምና የሚፈራ ሰው፣ የግሪክ ስም ከመስማት ይልቅ የገዛ ዓይኑን በዓይኑ ሲያይ ይወስናል።